የሚጠጡት ውሃ በክረምትና በበጋ አንድ ዓይነት አይደለም

«ውሃው አልተስማማኝም» የሚለው በምርመራ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ከምሰማቸው ቅሬታዎች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወገል ጤና በሥራ የተዛወረ መምህር ይለዋል፤ ከቆላ ለሠርግ ወደ ደጋ የወጡ እናት ይሉታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እዚሁ ተወልዶ ያደገውም ይለዋል። አባባሉ ስህተት የለበትም። ነገር ግን ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ በውሃው ውስጥ ያለ ጀርም ነው፤ ሌላው በውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን ነው። ሁለቱ የሚበዙበት ወቅት ይለያያል፤ የሚያስከትሉት ጉዳትም ሆነ መከላከያቸው አንድ አይደለም። ውሃ ሲፈላ ጀርሙ ይሞታል፤ ማዕድኑ ግን እዚያው ይቀራል። እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ይጠናል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ስለ ማዕድኑ በሰፊው እንነጋገር። ስለ ጀርም ብዙ ተብሏል፤ ስለ ማዕድኑ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

የዝናብ ውሃ ከሰማይ ሲወርድ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። መሬት ነክቶ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ግን በአፈሩ ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ዓለቱን ቀስ በቀስ እየሸረሸረ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ሲሊካ ይዞ ይሄዳል። የወሎ ደጋ ሰው ለዚህ ማስረጃ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። በደላንታ ገደል ላይ የሚቆፈረውና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዝናው የወጣው ኦፓል ሌላ ምንም ሳይሆን በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ሲሊካ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረውን ድንጋይ እያሟሟ ያለፈ ውሃ በስንጥቁ ውስጥ ያስቀመጠው ዝቃጭ ረጅም ዘመን ቆይቶ ነው ያን ቀለም ያገኘው። እስከ ዛሬም በውስጡ ውሃ አለ። (በሚጠጣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ሰውን አይጎዳም። በቁፋሮ ጊዜ ወደ ሳንባ የሚገባው የድንጋይ ብናኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቆፋሪ ወንድሞቻችን አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ ሲሠሩ ባየሁ ቁጥር እጨነቃለሁ። እሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።)

ታዲያ ይህ የደጋ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ደላንታ በደቡብ በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። በሽሎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ወደ ኋላ ተይዞ ንጋት ሐይቅን ሠርቷል። ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄዶ፣ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው 188 ሜትር ቁመት ባለው ግድብ ጀርባ ይጠራቀማል። ስለዚህ የእነዚህ ሁለት ታላላቅ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ውሃ ከፊሉ በእኛ ጓሮ ያለፈ፣ የእኛን ድንጋይና አፈር ያሟሟ ውሃ ነው።

በምንጭም ሆነ በወንዝ ውስጥ ያለው ማዕድን ዓመቱን ሙሉ አንድ መጠን የለውም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ የሚሞላው በአፈሩ ላይ በቀጥታ በሚንሸራተት ጎርፍ ስለሆነ ውሃው ዓለቱን ለማሟሟት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የሟሟ ማዕድኑ ይቀጥናል፤ በአንጻሩ ደለሉ፣ እበቱና ጀርሙ ይበዛል። መስከረም ጠብቶ ጎርፉ ሲያባራ ወንዙን የሚመግበው ከመሬት ሥር ቀስ እያለ የሚወጣው ውሃ ብቻ ይሆናል። ይህ ውሃ ከዓለቱ ጋር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የቆየ ነው። ስለዚህ በበጋው ወራት ወንዙ እየጠራ፣ በማዕድን ግን እየጠና ይሄዳል። በፀሐይ የሚተነውም ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ የቀረውን ይበልጥ ያጠናዋል።

በዚህ መካከል ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ወቅት አለ፤ ይኸውም የመጀመሪያው ዝናብ ነው። እኛ ጋ በልግ ሲጥል፣ ወይም በሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ፣ በበጋው ወራት መሬት ላይ የተከማቸውን ጨው፣ ፍግና ማዳበሪያ ጠርጎ ይወስዳል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ጀርሙም፣ ከማዳበሪያና ከእበት የሚመጣው ናይትሬትም በአንድነት ይጨምራሉ። ከዓመቱ ውሃ ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ቢቻል በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ዝናባማ ቀናት ካልተከደነ የእጅ ጉድጓድም ሆነ ከወንዝ ለመጠጥ አይቅዱ።

ናይትሬት በተለይ የሚጎዳው ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች የሆኑ ሕፃናትን ነው። በሕፃኑ አካል ውስጥ ተለውጦ ሄሞግሎቢን ኦክስጂን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሕፃኑ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ይደክመዋል። ውሃውን ማፍላት ናይትሬቱን ከመጨመር በቀር አይቀንሰውም። መፍትሔው እናቶች ሁልጊዜ የሚሰሙት ነው፦ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ምንም፣ ውሃም ጭምር፣ አለመስጠት። «ትንሽ ውሃ ጉሮሮውን ያርስለት» የሚሉ አያቶች ክፉ አስበው አይደለም። ነገር ግን ለዚያ ሕፃን የሚያስፈልገው ውሃ ሁሉ በእናቱ ጡት ውስጥ አለ።

ትልቅ ግድብ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ዓባይ ከድንበራችን ሲወጣ በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይዞ ነው። ንጋት ሐይቅ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ነው። ስለዚህ የአንድ ክረምት ጎርፍ ገና ከነበረው ውሃ ጋር ይደባለቃል። በሽሎ ላይ በግንቦትና በነሐሴ መካከል የምናየው ከፍተኛ ልዩነት እዚያ ሲደርስ ይለዝባል። ደለሉም ይዘቅጣል። ይህ ለውሃው ጥራት መልካም ነው።

ነገር ግን ግድብ ሌላ ጠባይ አለው፤ ወቅቱ ወደ ታችም ይቆጠራል። በሞቃት ወራት ላይኛው ውሃ ሞቆ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይቀራል። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሲቆዩ ከታች ያለው ኦክስጂን በሚበሰብሰው ቅጠልና ሣር ያልቃል። ኦክስጂን ያለቀበት ውሃ ደግሞ ከወለሉ ጭቃ ውስጥ ብረትና ማንጋኒዝ ያሟሟል። ከዚያም የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲመጣ ላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ ነፋስም ያግዘዋል። የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል። ያ ሁሉ ሟሙቶ የነበረ ብረትና ማንጋኒዝ አየር ሲነካው ዝገት መሳይ ቡናማ ወይም ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል።

ይህን ያህል ወደ ውስጥ የገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከግድብ በሚመጣ የቧንቧ ውሃ የሚጠቀሙ ከተሞች በርካታ ናቸው፤ አዲስ አበባም ከጉድጓዶቿ ሌላ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ትጠጣለች። የማጣሪያ ጣቢያዎች ብረቱንና ማንጋኒዙን ለመቀነስ የሚያስችል ዘዴ አላቸው፤ ውሃውን ከየትኛው ጥልቀት እንደሚስቡም ይመርጣሉ። ቢሆንም ከየትኛውም ግድብ በሚመጣ ውሃ አልፎ አልፎ ቡናማ ነገር በቧንቧ ቢመጣብዎት መደንገጥ አይገባም። የብረት ቀለም ብቻውን በአብዛኛው የሚያስቀይመው ዓይንንና ጣዕምን ነው፤ ሻዩም በውስጡ ካለው ታኒን ጋር ስለሚዋሐድ ይጠቁራል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ያፍሱት፤ ያፈሰሱትን ለጓሮ ይጠቀሙበት። ቡናማነቱ ለቀናት ከቀጠለ ለውሃ አገልግሎቱ ያመልክቱ። ማንጋኒዝ ሲበዛና ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ሊጎዳ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ያሳስባል። ደግሞ አንድ የቤት ምክር ልጨምር፦ በዚያን ቀን ነጠላና ጋቢ በበረኪና አይጠቡ። በረኪና ብረቱንና ማንጋኒዙን ጨርቁ ላይ ያትመዋልና ነጩ ልብስ የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ ይይዛል።

ወደ ደጋው ልመለስ። በበጋ ውሃው ሲጠና ሳሙና አረፋ አይሰጥም፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ሽምብራውና ባቄላው በእሳት ላይ ሲውል አይበስልም። ይህ የካልሲየምና የማግኒዚየም ሥራ ነው። ያን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው «ይኼ ኩላሊቴ ውስጥ ቢጋገርስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱ ግን እንደሚመስለው አይደለም። ከባድ ውሃ በራሱ የኩላሊት ጠጠር እንደሚያመጣ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በምግብና በውሃ የሚገባው ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌት የተባለውን የጠጠር ዋነኛ ግብዓት ስለሚይዘው እንዲያውም ሊከላከል ይችላል። ለጠጠር ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ውሃ ማነስ ነው። በደጋ ብርድ ጥማት አይሰማም፤ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ በአንድ ብርጭቆ ውሃና በሁለት ስኒ ቡና ይውላል። ሽንትዎ እንደ ጠላ የጠቆረ ከሆነ የጠጡት ውሃ አልበቃም ማለት ነው። ስለ ውሃው ክብደት ከመጨነቅዎ በፊት ብዛቱን ያስተካክሉ። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን የሚጠጣውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

የደም ግፊት ያለባቸውም ስለ ውሃው ጨው ይጠይቁኛል። በተለመደው የከተማ ውሃ ውስጥ ያለው ሶዲየም ወጥ ላይ ከሚነሰነሰው ጋር ሲወዳደር እጅግ ትንሽ ነው። በምላስ ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ከሆነ ግን ለሐኪምዎ መናገር ያስፈልጋል።

በእውነት የሚያሳስበኝ ማዕድን ፍሎራይድ ነው። በደጋው ብዙም አናየውም፤ ችግሩ የሚጠናው በስምጥ ሸለቆ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ በላይ የሚጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ይጎዳል፤ ሲወጣ ቡናማ ይሆናል፣ ይሸረፋል። መጠኑ በጣም ሲበዛና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ይደድራል፣ አከርካሪ አይታጠፍም። በአገራችን ይህ ጎልቶ ከታየባቸው መካከል የወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ሠራተኞች ይገኙበታል፤ ይጠጡት የነበረው የጉድጓድ ውሃ ነበር። ወንጂ ከቆቃ ግድብ በታች፣ በአዋሽ ዳር ያለ ቦታ ነው። በአንድ አካባቢ የወንዙ ውሃና የጉድጓዱ ውሃ በማዕድን ይህን ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ወደ ታች ስንወርድ በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ወደ አዋሽ የሚለቀቀው ወንዙ ሊያቀጥነው በሚችለው ልክ እየተመጠነ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው የወቅቱ ነገር ለጤና ዋና የሚሆነው። አንድ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ሲመረመር የሚሰጠው ወረቀት ላይ ቁጥር አለ፣ ቀንም አለ። ሰው ቁጥሩን ያነባል፤ ቀኑን አያነብም። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ በነሐሴ ዝናብ ሲቀጥን ተለክቶ «ከወሰኑ በታች ነው» ሊባል ይችላል፤ ያው ጉድጓድ በግንቦት ከወሰኑ በላይ ሊሆን ይችላል። ልጁ የሚጠጣው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። የጀርሙ ምርመራ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጥር ንጹሕ የተባለ ምንጭ በሐምሌ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በቀበሌዎ የውሃ ኮሚቴ ውስጥ ካሉ ወይም ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ ከሆነ፣ የምርመራ ውጤት ሲሰጥዎ «በየትኛው ወር የተቀዳ ውሃ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አቅም ኖሮ ሁለት ጊዜ ማስመርመር የሚቻል ከሆነ አንዱ በበጋው መጨረሻ ለማዕድን፣ ሌላው በክረምቱ መካከል ለጀርም ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ምርጫው እንደ አካባቢው ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብሆን ግንቦትን፣ በወሎ ደጋ ደግሞ ሐምሌን እመርጣለሁ።

ሐምሌን የምመርጠው በእኛ ደጋ ሰው የሚገድለው ማዕድኑ ሳይሆን ተቅማጡ ስለሆነ ነው። በክረምት የደፈረሰ ውሃ ላይ የክሎሪን መድኃኒት ቢጨምሩ ደለሉ ኃይሉን ይበላዋል። መጀመሪያ በዕቃ አስቀምጠው እንዲዘቅጥ ያድርጉ፤ የጠራውን በንጹሕ ወፍራም ጨርቅ አጥልለው ወደ ሌላ ጀሪካን ይገልብጡ፤ ከዚያ ውሃ አጋር በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው በጣም የደፈረሰ ከሆነ ደለሉን ጭምር የሚያዘቅጠው ቢሻን ጋሪ የተባለው ዱቄት ይሻላል። ማፍላት ለሚመርጡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በደላንታም ሆነ በላሊበላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ91 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ አካባቢ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። የፈላውንም በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ።

ልጅ ተቅማጥ ከያዘው የሚያጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሶዲየሙና ፖታሲየሙም አብረው ይወጣሉ። ባዶ ውሃ እነዚህን አይተካም። ኦ አር ኤስ የተባለው ዱቄት የተሠራው ለዚህ ነው። በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በጥብጠው በማንኪያ ደጋግመው ይስጡ። «ይበረታለት» ብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጨዉን ስለሚያበዛ ጎጂ ነው። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። ጤና ጣቢያው የሚሰጠው የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ ይቀጥላል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንት ከያዘው፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

እስካሁን ያነሳሁት በውሃው ውስጥ ስላለው ነው። በደጋ ውሃ ውስጥ የሌለው አንድ ነገር ግን አለ፤ አዮዲን። ከረጅም ዘመን ጀምሮ የዘነበው ዝናብ ከተራራው አፈር አጥቦ ከደለሉ ጋር ወደ ቆላና ወደ ባሕር ወስዶታል። በዚያ አፈር ላይ የበቀለው ገብስም ሆነ የወጣው ምንጭ አዮዲን የለውም ማለት ይቻላል። በየገበያው የምናያቸው እንቅርት ያለባቸው እናቶች የዚህ ምልክት ናቸው። ከእንቅርቱ ይልቅ የሚያሳስበው የማይታየው ጉዳት ነው፤ አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮው በሚገባው ልክ ላያድግ ይችላል። ለዚህም ነው በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የተወሰነው። ነፍሰ ጡር እናት ያለችበት ቤት ከገበያ የሚገዛው ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በምድጃ ሙቀት ስለሚበን ጨውዎን ከእሳት ርቆ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጡ ላይ የሚጨምሩትም መጀመሪያ ከሽንኩርቱ ጋር ሳይሆን ሊወጣ ሲል ይሁን።